በየትኛው ኦፕንፎም? ለዓመታዊ ጉባኤያችን የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ ከቅርብም ከሩቅም ጊዜያችሁን ሰውታችሁ የተገኛችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የሥራ ሪፖርቱ ታትሞ በእጃችሁ ስለገባ የመክፈቻውን ሰዓት በእሱ አልጨርሰውም። ዛሬ የማነሳው በየዕለቱ የሚገጥመንን ጉዳይ ነው። የፈሳሽና የአየር ፍሰት የምናሰላበት ፕሮግራም፣ ኦፕንፎም፣ ኮዱ ያለማቋረጥ ይለወጣል። አምና የሠራ ኬዝ፣ ማለትም አንድ ስሌት የተጻፈባቸው ፋይሎች፣ ዘንድሮ አልነሳም ይላል፤ ወይም ይነሳና ሌላ ቁጥር ይሰጣል። የመጀመሪያው ያናድዳል፣ ሁለተኛው ግን ያስፈራል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አባል የምጠብቀው አንድ ነገር አለ፦ ውጤት አቅርቦ «በየትኛው ኦፕንፎም?» ሲባል በአንድ መስመር መመለስ ይቻለው።

«የስንተኛው ቨርዥን?» ብቻ ብዬ ያልጠየቅሁት በምክንያት ነው። ኮዱ በለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ፎም በሚል ስም ተጀመረ፤ ዲሴምበር 10 ቀን 2004 ጂፒኤል በተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ለሁሉም ክፍት ሆነ። በ2011 ኤስጂአይ የተባለው የኮምፒውተር አምራች ኮዱን ይዞ የነበረውን ኦፕንሲኤፍዲ የተባለ ኩባንያ ሲገዛ ኦፕንፎም ፋውንዴሽን ተቋቋመ፤ በ2012 ኩባንያው ወደ ኢኤስአይ ግሩፕ ዞረ። ዛሬ ሁለት ዋና ኦፕንፎሞች አሉ። የፋውንዴሽኑ ከ7ኛው (2019) እስከ 13ኛው (2025) በየዓመቱ ጁላይ ላይ ወጥቷል። የኦፕንሲኤፍዲው ጁንና ዲሴምበር ላይ የሚወጣ ሲሆን ስሙ ዓመቱንና ወሩን ይይዛል፤ ቪ2412 ማለት የ2024 ዲሴምበር ማለት ነው። ፎም ኤክስቴንድ የሚባል ሦስተኛ ቅርንጫፍም አለ። ሁሉም ከአንድ ግንድ የወጡ ቢሆኑም የፋይሎቻቸው ስም፣ የመመሪያ ቃሎቻቸውና የክላሶቻቸው ፈንክሽኖች እየተራራቁ ሄደዋል። አዲስ ተማሪ ከሁሉ በላይ የሚደናቀፈው የአንዱን ምሳሌ ገልብጦ በሌላው ሲያስነሳ ነው።

ነገሩን ቀረብ ብለን ለማየት ብዙዎቻችን የጀመርንበትን፣ ካቪቲ የሚባለውን የመለማመጃ ኬዝ እንውሰድ። ጎኑ 0.1 ሜትር የሆነ ካሬ ሳጥን ነው፤ ክዳኑ በሰከንድ 1 ሜትር ይንሸራተታል። ሜሹ፣ ማለትም ስሌቱ የሚካሄድበት መረብ፣ 20 በ20 ሴል፣ ኪነማቲክ ዝልግልግነቱ 0.01 ካሬ ሜትር በሰከንድ፣ የጊዜ እርምጃው 0.005 ሰከንድ። የአንዱ ሴል ስፋት 0.005 ሜትር ስለሆነ በክዳኑ ሥር የኩራንት ቁጥሩ (ፍሰቱ በአንድ የጊዜ እርምጃ የሚያልፈው የሴል ብዛት) 1 ይመጣል፤ የሬይኖልድስ ቁጥሩ (የፍሰቱ ግፊያ ከዝልግልግነቱ ጋር ያለው ንጽጽር) 10 ነው። አይኮፎም ለተባለው ሶልቨር (ስሌቱን ለሚሠራው ፕሮግራም) የተጻፈውን ይህን ኬዝ ወደ ፋውንዴሽኑ 11ኛ ቨርዥን እናምጣው።

የ11ኛው ትልቅ ለውጥ ሶልቨሮቹን ወደ ሞጁል መቀየሩ ነው። ፎምረን የሚባል አንድ ፕሮግራም አለ፤ ፊዚክሱ በሞጁል ይጫንለታል። ሲምፕልፎም፣ ፒዞፎምና ፒምፕልፎም ይሠሩት የነበረውን ኢንኮምፕረሲብልፍሉይድ የተባለው ሞጁል ጠቅልሎ ይዞታል። ሲምፕልፎም ብላችሁ ብትጽፉ መተካቱን የሚናገር መልእክት አውጥቶ ወደ ፎምረን ይወስዳችኋል።

ሥራው የስሌቱን አካሄድ ከሚወስነው ፋይል፣ ከኮንትሮልዲክት ይጀምራል። «አፕሊኬሽን» የሚለው ላይ ፎምረን ይገባል፤ «ሶልቨር» በሚል አዲስ መስመር የሞጁሉ ስም ይጻፋል። ቀጥሎ ኮንስታንት ፎልደር ውስጥ ትራንስፖርትፕሮፐርቲስ የነበረው ፋይል ፊዚካልፕሮፐርቲስ ይሆናል፤ በውስጡ ቪስኮሲቲሞዴሉ ኮንስታንት መሆኑ ይገለጽና የዝልግልግነቱ ቁጥር ይከተላል። ሞመንተምትራንስፖርት የተባለ ፋይል ፈጥረን ፍሰቱ ላሚናር (ያልታወከ) መሆኑን እንናገራለን። እዚህ ላይ ቢነሳ ገና ይቆማል። የካቪቲ ኤፍቪስኪምስ፣ የስሌት ዘዴዎቹ የሚመረጡበት ፋይል፣ የዳይቨርጀንስ ዝርዝሩን «ዲፎልት ነን» (ነባሪ የለም) ብሎ ስለዘጋው፣ አይኮፎም የማይጠይቀውን ነገር ግን ሞጁሉ የሚጠይቀውን፣ ኑኢፍ (ውጤታማ ዝልግልግነት) ያለበትን ስኪም ሲያጣ አልቀጥልም ይላል፤ ጋውስ ሊኒየር በተባለው ዘዴ እንሞላዋለን። የእኩልታዎቹ አፈታት በሚጻፍበት ኤፍቪሶሉሽን ላይ ደግሞ ፒዞ የነበረው ክፍል ፒምፕል ይባላል፣ ለፍጥነቱም ከ«ዩ» ሌላ «ዩፋይናል» የሚል ክፍል ይጨመራል። ከዚያ በኋላ ይሄዳል።

እነዚህ ስህተቶች ጮኸው የሚቆሙ ናቸው። ፋይሉን፣ የጎደለውን ቃልና መስመሩን ይነግሩናል። መልእክቱን እስከ መጨረሻው ለሚያነብ ሰው ግማሽ ቀን አይፈጁም።

ለውጦቹ የመጡት በተራ መሆኑ ይጠቅመናል። ተርቡለንስፕሮፐርቲስ የሚባለው ፋይል በ8ኛው ሞመንተምትራንስፖርት ሆነ። በ9ኛው የምንጭና የገደብ መመሪያዎች የሚጻፉበት ኤፍቪኦፕሽንስ ለሁለት ተከፍሎ ኤፍቪሞዴልስና ኤፍቪኮንስትሬንትስ ተባለ። ፊዚካልፕሮፐርቲስ በ10ኛው መጣ፤ ሞጁሎቹ በ11ኛው። ከ7 ወደ 11 በአንድ ጊዜ የዘለለ ሰው አራቱም በአንድ ላይ ይወርዱበታል፣ ቁጥሩ ቢለወጥ የትኛው እንደለወጠው ማወቅ ይቸግረዋል። አንድ አንድ ደረጃ እየወጣ በየደረጃው ኬዙን የሚያስነሳ ሰው ምክንያቱን በቦታው ያገኘዋል። የኦፕንሲኤፍዲ ተጠቃሚዎች ደግሞ ትራንስፖርትፕሮፐርቲስን፣ ተርቡለንስፕሮፐርቲስንና ኤፍቪኦፕሽንስን እንደነበሩ ያገኟቸዋልና የእነሱ ፈተና ሌላ ነው።

ጮኸው የማይቆሙት ናቸው እኔን የሚያሳስቡኝ። ኦፕንፎም ዲክሽነሪ፣ ማለትም የመመሪያ ፋይል፣ ሲያነብ የማይፈልገውን ቃል ዝም ብሎ ያልፈዋል። ግዴታ ያልሆነ መመሪያ በአዲሱ ቨርዥን ስሙ ቢቀየር፣ ወይም እኛ አንድ ፊደል ብንስት፣ ፕሮግራሙ በራሱ ነባሪ ዋጋ ይቀጥላል፤ ማስጠንቀቂያም ላያወጣ ይችላል። የሙቀት ምንጭ ወይም የፖረስ (ቀዳዳማ) ዞን አስገብተን ከሆነ ሎጉ (ፕሮግራሙ ሲሄድ የሚጽፈው መዝገብ) ሲጀምር ስሙ ተጠርቶ እንደሆነ እንይ። ስሙ ሎጉ ላይ ከሌለ ስሌቱ ውስጥም የለም ብለን እንነሳ።

ሌላም ዝምተኛ ስህተት አለ፤ ከኮድ ለውጥ ጋር ባይያያዝም ኬዝ ሲገለበጥ አብሮ ይገለበጣልና ላንሳው። በማይታመቅ ፍሰት ኦፕንፎም ግፊትን የሚይዘው ለእፍግታ ተካፍሎ ነው፤ መለኪያው ካሬ ሜትር በካሬ ሰከንድ ነው እንጂ ፓስካል አይደለም። ኃይል ስናሰላ እፍግታውን «ሮኢንፍ» በሚለው ቃል እኛ እንሰጠዋለን። ብዙ ኬዝ ላይ 1.225 ኪሎግራም በሜትር ኩብ ተጽፎ ይገኛል፤ ይህ የባሕር ጠለል አየር ነው። አዲስ አበባ ባለችበት 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ መደበኛው ከባቢ አየር 0.98 ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ በጣሪያ ወይም በንፋስ ተርባይን ምሰሶ ላይ የምናገኘው ኃይል በ25 በመቶ ያህል ይጋነናል። የኃይል ኮኢፊሸንቱ ግን ትክክል ይመጣል፤ ሮኢንፍ በክፍልፋዩ ከላይም ከታችም ስላለ ይጣፋል። ኮኢፊሸንት ብቻ የሚያነጻጽር ሰው ይህን ስህተት መቼም አያየውም።

ታዲያ ኬዙ በትክክል መሻገሩን በምን እናውቃለን? ሬዚጅዋል፣ ማለትም የእኩልታዎቹ ቀሪ ስህተት፣ መውረዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አሮጌውና አዲሱ በአንድ ሜሽና በአንድ የጊዜ እርምጃ ተነስተው አንድ አካላዊ መጠን ይነጻጸር፤ የፍጥነት ፕሮፋይል፣ የግፊት ልዩነት ወይም የሚያልፈው የውሃ መጠን። ለካቪቲ የታወቀ መለኪያ አለ። ዝልግልግነቱን ወደ 0.001 ስናወርደው የሬይኖልድስ ቁጥሩ 100 ይሆናል፣ ጊያ፣ ጊያና ሺን በ1982 ካሳተሙት ሠንጠረዥ ጋርም ማስተያየት ይቻላል። እዚያ በሳጥኑ መሃል ከላይ ወደ ታች በሚወርደው መስመር ላይ፣ በከፍታው እኩሌታ፣ አግድም ፍጥነቱ የክዳኑ ፍጥነት −0.20581 እጅ ነው። የእነሱ ግሪድ 129 በ129 ስለነበረ የእኛ 20 በ20 ትንሽ ቢርቅ አይግረማችሁ። 40 በ40 አድርጉትና የጊዜ እርምጃውን ወደ 0.0025 አውርዱት፤ አለዚያ የኩራንት ቁጥሩ 2 ይደርሳል። ኬዙ ላይ የተጻፈው የማብቂያ ጊዜ፣ 0.5 ሰከንድም፣ አይበቃም፤ ፍጥነቱ መለወጥ እስኪያቆም ይሂድ። ቁጥሩ ሜሹ ሲጠር ወደ ሠንጠረዡ ካልቀረበ ቨርዥኑን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ፋይል እንፈትሽ።

የራሳቸውን ሶልቨር ወይም የድንበር ሁኔታ ለሚጽፉ አባላት ጥቂት ልጨምር። ኮዳችሁን ኦፕንፎም የተጫነበት ፎልደር ውስጥ አታስቀምጡት። በቤታችሁ ፎልደር ሥር፣ የተጠቃሚ ስማችሁና የቨርዥኑ ቁጥር በተጣመሩበት ቦታ ይሁን፤ በ10 የተገነባ ላይብረሪ በ11 እንዳይጫን የሚከለክለው ይኸው ቁጥር ነው። በተደባለቀ ጊዜ «አንዲፋይንድ ሲምቦል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ያኔ ደብልዩክሊን ብላችሁ አጽዱና በደብልዩሜክ እንደገና ገንቡ። ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው የምትሻገሩ ከሆነም የፈንክሽን ስሞች ይለያያሉ፤ ከዲክሽነሪ ዋጋ ለማንበብ ፋውንዴሽኑ ሉክአፕኦርዲፎልት ሲል ኦፕንሲኤፍዲ ጌትኦርዲፎልት ይላል።

ሁለት ቨርዥን በአንድ ኮምፒውተር መኖሩ ችግር የለውም፤ በኡቡንቱ የፋውንዴሽኑ ፓኬጆች ኦፕት ሥር እያንዳንዳቸው በየፎልደራቸው ይቀመጣሉ። ችግሩ ሁለቱን በአንድ ተርሚናል ማስነሳት ነው። ለየቨርዥኑ አጭር ስም ሰጥታችሁ በአዲስ ተርሚናል አንዱን ብቻ ጥሩ። አሮጌውን ደግሞ አዲሱ በንጽጽር እስኪያልፍ ድረስ አታጥፉት።

መጀመሪያ ወዳልኩት አንድ መስመር ልመለስ። ማንኛውም የኦፕንፎም ሎግ ከላይ «ቢልድ» የሚል መስመር አለው። እሱን ከነሙሉ መለያው ቅዱና ከሥዕሉና ከሠንጠረዡ ሥር አኑሩት፤ ሎጉም ከኬዙ ጋር ይቀመጥ። በየዕለቱ የሚለወጠውን የልማት ቅርንጫፍ ለሚጠቀም ይህ መለያ ነፍስ ነው። ትናንት ይሠራ የነበረ ነገር ዛሬ ከተበላሸ የለውጦቹን ዝርዝር እኩል እየከፈለ በሚፈልገው ጊት ባይሴክት ጥፋቱን ያመጣውን ኮሚት (አንዱን የኮድ ለውጥ) ማግኘት ይቻላል፤ በ1,000 ኮሚት መካከል ቢሆን እንኳ 10 ያህል ሙከራ ይበቃል። በየሙከራው ኮዱን መልሶ መገንባት ጊዜ ስለሚፈጅ ግን ደህና የነበረውን መለያ ያልመዘገበ ሰው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

ጥፋቱ የኮዱ መሆኑ ሲረጋገጥ ለአልሚዎቹ ማሳወቅ የእኛም ግዴታ ነው፤ በነፃ ያገኘነውን የምንጠብቀው በዚህ ነው። የምንልከው ኬዝ ትንሽ ይሁን። ባለ ብዙ ሚሊዮን ሴል ሜሽ ማንም አይከፍትልንም፤ በጥቂት መቶ ሴል፣ በደቂቃ ውስጥ ስህተቱን የሚያሳይ፣ ከነማስነሻ ስክሪፕቱና ከነሎጉ ይላክ። ባልተነካ ኮድ ላይ መደገሙን አስቀድመን እናረጋግጥ። የፋውንዴሽኑን ጥፋት ለኦፕንሲኤፍዲ፣ የእነሱን ለፋውንዴሽኑ መላክ የሁሉንም ጊዜ ያባክናል።

ስለ ተማሪዎች አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። የመመረቂያ ሥራ መሃል ላይ ቨርዥን አይቀየር። ሥራው ሲጀመር የወጣው የመጨረሻው ቨርዥን ይያዝ፣ እስኪገባም በእሱ ይለቅ፤ አማካሪዎች ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። አዲስ ፕሮጀክት ግን በአሮጌ ቨርዥን አይጀመር፤ ያረጀ ቨርዥን ጥገና አያገኝም፣ ሲዘገይ የሚሻገሩት ደረጃም ይበዛል።

ከሻይ በኋላ በየቡድኑ ስትቀመጡ እያንዳንዱ ቡድን ከማኅበሩ የጋራ ኬዞች አንዱን ይወስዳል። በወጣበት ቨርዥን ያስነሳዋል፣ የቢልድ መስመሩን ይመዘግባል፣ አንድ ደረጃ ያሻግረዋል፤ የቆመበትን መልእክትና የለወጠውን መስመር በወረቀቱ ላይ ይጽፋል። ወረቀቶቹ ማታ ተሰብስበው ከኬዞቹ ጋር ይቀመጣሉ። ጉባኤው ተከፍቷል፤ መልካም የሥራ ቀን ይሁንላችሁ።