ከፊደሉ አጠገብ ያለችው ነጥብ

እሺ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬም ስለ ስክሪን ነው፣ ካናቴራ ስለማትምበት፣ ፍሬም ላይ ስለተወጠረው ጨርቅ። አዎ፣ አሁንም። «ስለ ቀለም ሁለተኛ አላወራም» ብዬ ነበር፤ ግን ይሄ ስለ ቀለም አይደለም፣ ስለ ቀዳዳ ነው።

ስክሪኑን ወደ አምፖሉ አንስቼ እያየሁ ነው። ኢመልሽኑ (ጨርቁ ላይ የሚቀባው፣ ብርሃን ሲመታው የሚጠነክረው ቅብ) መሃል የመርፌ ጫፍ የምታክል ብርሃን አለች። የት? የ«ሰ» እግር ሥር! ዳር ላይ ብትሆን ፕላስተር ለጥፌባት አልፋለሁ። እዚያ ግን ፕላስተሩ ፊደሉንም ይበላዋል። ስለዚህ ቀጭን ብሩሽ፣ ጫፉ ላይ ትንሽዬ ኢመልሽን፣ ትንፋሼን ውጬ ልነካት ስል ወንድሜ ከኋላዬ፦ «ተዪው እስቲ፣ ያምራል።»

ያምራል? ቀዳዳ?

እኔ እኮ ከየት እንደመጣች አውቃለሁ። አቧራ ናት። ስክሪኑን ብርሃን ሳስመታ፣ ፊደሉ ያለበት ፊልም ወይም መስታወቱ ላይ ያረፈች ብናኝ ብርሃኑን ትጋርዳለች፣ ከሥሯ ያለው ኢመልሽን ሳይጠነክር ይቀራል፣ ሲታጠብ ይሄዳል። ስለዚህ መስታወት ጥረጉ። የስክሪኑ ጨርቅም ቅባት ካለበት ኢመልሽኑ በደንብ አይዝም፣ ቀድማችሁ እጠቡት። ብርሃኑ አንሶት የተበሳሳ ስክሪን ግን ቢደፍኑትም ዋጋ የለውም፤ አንዱን ስትደፍኑ ሌላው ይከፈታል። ኢመልሽኑን አስለቅቆ እንደ አዲስ መቀባት ነው።

ቀዳዳውን በጥፍር ቀለም ድፈኚው የምትሉኝ ደግሞ አላችሁ። ይሠራል፣ አልካድኩም። ግን የኢመልሽን ማስለቀቂያው አይነካውም። በኋላ አሴቶን ፍለጋ ነው። ሽታው ደግሞ... ተዉት።

የት ነበርን? «ያምራል»።

ደፈንኳት። ሲደርቅ መልሼ ብርሃን አስመታሁት። ይሄን እንዳትዘሉ፤ ካልጠነከረ በውሃ የሚሠራ ቀለም ያላቅቀዋል። ከዚያ አተምኩ። ጥርት ያለ ሥራ! ወንድሜ ግን የቱን ወሰደ? ከመድፈኔ በፊት ለሙከራ ያተምኩትን። ያቺ ነጥብ ያለችበትን አሮጌ ካናቴራ። ለብሷት ይዞራል፣ ሰው «የት አሳተምከው?» ይለዋል። ስለ ነጥቧ የጠየቀው የለም።

እና ተናደድኩ። ወይም አልተናደድኩም፣ ደስም ብሎኛል መሰለኝ። እኔ እኮ ሲያልፍ ነጥቧን ብቻ ነው የማየው። ደንበኛ ቢሆን ይመልሰው ነበር እላለሁ። ይመልሰው ነበር ግን? እንጃ... ምናልባት ማንም የማያየውን ነው... አይ፣ እንደሱ ካልኩ መድፈን ላቆም ነው ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ...