አረንጓዴና ቢጫዋ ሽቦ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ይህን ክፍል የምቀዳው ደሴ፣ ሆጤ ከሚገኘው ቤቴ ሲሆን፣ የማወራችሁ በገዛ እጄ ስለ ዘረጋሁት የኤሌክትሪክ መስመር ነው።

በክረምቱ መግቢያ ላይ ለእናቴ የእንጀራ ምጣድ የሚሆን መስመር ወደ ሰርቪሷ ራሴ ዘረጋሁ። ሽቦ መግፈፍና ሶኬት ማሰር ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ ያደግሁበት ነገር ስለሆነ፣ ለዚህ ባለሙያ መጥራት ገንዘብ ማባከን መስሎ ታየኝ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳና አንድ ጥቅል ናስትሮ ይዤ ጠዋት ጀመርሁ፤ ማምሻውን ምጣዱ ጋለ፤ እኔም ሥራው በትክክል ተሠርቷል አልሁ።

በሳምንቱ እናቴ አከንባሎውን ስታነሳ እጇ የምጣዱን የብረት ጠርዝ ነክቶ ነዘራት። እርሷ ብዙም አልደነገጠችም፤ የጎማ ጫማዋን አድርጋ መጋገሯን ቀጠለች። በእኛ ሰፈር የሚነዝር ምጣድ እንደ ጦሳ ጉም የተለመደ ነው፤ መድኃኒቱም ኮንጎ ጫማ ወይም ደረቅ ጣውላ ነው። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

የመጡልኝ ኤሌክትሪሽያን ጋሼ ብዬ የምጠራቸው ሰው ናቸው። ሶኬቱን ፈትተው አዩና «አብሽር፣ ይኼ ደህና ነው» ብለውኝ ወደ ብሬከሩ ሳጥን ሄዱ። አረንጓዴና ቢጫዋ ሽቦ፣ ማለትም የሾለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የምታወርደው የምድር ሽቦ፣ በሶኬቱ በኩል በወጉ ታስራለች፤ በሳጥኑ በኩል ግን የምትታሰርበት ስላጣሁላት ጫፏን በናስትሮ ጠቅልዬ ጥግ አስይዣት ነበር። በግቢያችን መሬት ውስጥ የተቀበረ የምድር ዘንግ ጨርሶ አልነበረም። ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ፣ ፌዙ፣ ቢቋረጥ አምፖሉ ይጠፋል፣ መላሹ ሽቦ፣ ኒውትራሉ፣ ቢላቀቅ ምጣዱ አይግልም፤ የምድር ሽቦ ስትቀር ግን የሚጎድል ነገር ስለማይታይ፣ እንደ እኔ ሥራውን በመብራቱ የሚለካ ሰው ጉድለቱን የሚያውቀው የሰው እጅ ብረቱን ሲነካ ብቻ ነው።

ሌላም ጥፋት ነበረብኝ። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ እኔ የዘረጋሁት ደግሞ ለአምፖል የሚሆነውን ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ቀጭን ሽቦ ነበር። ጋሼ በባለ 4 ቀየሩልኝ። ብሬከር ሽቦውን ከቃጠሎ እንጂ ሰውን ከመነዘር እንደማያድን ያስረዱኝም ያን ጊዜ ነው። ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ሰውን የሚገድል መጠን ሲያልፍበት ዝም ይላል፤ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው የሰው መከላከያ ግን ከ16 አምፔር ከ500 ጊዜ በላይ ያነሰ ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲሾልክ ለይቶ መስመሩን ይዘጋል።

ሕጉ የለም እንዳልል አለ። የኢትዮጵያ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ የሚሰማራ ባለሙያ የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ይጠይቃል። የእኛ ቤት ግን ቆጣሪ ሲገባ የነበረው ቤት አይደለም፤ በመጀመሪያ አንድ ክፍል፣ ቀጥሎ ሰርቪስ፣ ኋላም የሚከራይ ክፍል እየተጨመረበት ሲያድግ፣ ሽቦውም ማንም ሳያየው አብሮ አድጓል።

በእንግሊዝ አገር ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የመኖሪያ ቤት ኤሌክትሪክ ደንብ አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. ከተሻሻለ ወዲህ፣ በነባር መስመር ላይ ሶኬት መጨመር በአብዛኛው ማሳወቅ የማያስፈልገው ሲሆን፣ አዲስ መስመር መዘርጋት ግን ለሚመለከተው አካል የሚነገር ሥራ ነው። ባለቤቱ በገዛ እጁ እንዳይሠራ አይከለከልም፤ ሥራው ግን ይታያል። ይህ ልዩነት ልኬን ነገረኝ፤ እኔ «አንዲት ሶኬት ጨመርሁ» እያልሁ ስናገር የነበረው አዲስ መስመር ዘርግቼ ነው።

የምድር ዘንጉን ነሐሴ ላይ ቀበርነው። ጋሼ በመለኪያቸው ለክተው ጥሩ ቁጥር ቢያገኙም ፊታቸው አልፈታም፤ መሬቱ ዝናብ ስለጠገበ ነው፣ ሲደርቅ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል አሉኝ። ውጤቱን የጻፉበትን ወረቀት በብሬከሩ ሳጥን ክዳን ላይ ለጥፌዋለሁ። ከነሐሴው ረድፍ በታች «ታኅሣሥ» ብለው ጽፈው ቦታውን ባዶ ትተውታል፤ እናቴም እስከዚያው የጎማ ጫማዋን አላወለቀችም።