ቀጣዩ አሰልጣኝና ወንበር ላይ ያለው ልጅ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ሐሙስ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ነው። ያለሁት ደሴ ነው። የጥቅምት ብርድ ገብቷል፤ ጋቢዬን ደርቤ ነው የምቀዳው።

ዛሬ ስለ ማንቼ፣ ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ላውራ። አላስችል ብሎኛል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አሰልጣኛችን ቴን ሃግ ተሰናበተ የሚል ወሬ መጣ። እሁድ በዌስትሃም 2 ለ 1 ተሸንፈን 14ኛ ላይ ቁጭ ብለናል፤ ብዙም አልደነቀኝም። ማታ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ኳስ ወደምናይበት ዲኤስቲቪ ቤት ወጣሁ። የማንቼ ጨዋታ የለም፣ መቀመጫ ግን አልነበረም። ሰው የመጣው ለመከራከር ነው። ቡናው ይቀዳል፣ ሁሉም የየራሱን አሰልጣኝ ይሾማል። አንዱ ዣቪ ይላል። ሌላው "የእኛው ቫን ኒስተልሮይ ምን ጎደለው? 150 ጎል ያገባልን ሰው እኮ ነው!" ይላል። አንድ ልጅ "ሳውዝጌት" ብሎ ጀመረ፤ አላስጨረሱትም።

ማክሰኞ ደግሞ የፖርቱጋሉ ክለብ ስፖርቲንግ ራሱ መግለጫ አወጣ። ማንቼ ለአሰልጣኛቸው ለሩበን አሞሪም 10 ሚሊዮን ዩሮ ሊከፍል ዝግጁ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ሁሉ አሞሪም ሆነ። ትናንት ማታ ቫን ኒስተልሮይ በጊዜያዊነት ይዞን ሌስተርን 5 ለ 2 ስናሸንፍ ደግሞ ዛሬ ጠዋት እንደገና "እሱ ይቀጥልልን" ተጀመረ።

ሰኞ ማታ እዚያ ቤት አንድ ጋሼ ነበሩ። የአርሰናል ደጋፊ ናቸው፣ ዕድሜያቸው ከአባቴ አያንስም። ዝም ብለው ሲሰሙን ቆዩና "ልጆቼ፣ እኛ አርቴታ ሁለት ጊዜ 8ኛ ሲወጣ ታገስነው። ይኸው ሁለት ዓመት ተከታትለን 2ኛ ወጣን። እናንተ ግን ሰውየው ቤቱን ሳይለምድ ትሸኛላችሁ" አሉን። ቤቱ ተንጫጫ። "2ኛ ዋንጫ አለው እንዴ?" ያለም ነበር። እኔ ግን ዝም አልኩ። እውነታቸውን ነዋ።

አሰልጣኝ ፈርጉሰን ማንቼ የመጣው በፈረንጆች 1986 ነው። የመጀመሪያ ዋንጫውን ያነሳው በ1990፣ ሊጉን የበላው በ1993 ነው። ከእሱ በኋላስ? ሞዬስ የ6 ዓመት ኮንትራት ፈርሞ ዓመት አልሞላውም። ቫን ኻል ኤፍኤ ካፕ ባነሳ በሁለተኛው ቀን ተሸኘ። ለቴን ሃግ በክረምቱ ኮንትራት አራዘሙለት፣ በጥቅምት አሰናበቱት።

ግን ትዕግስት ብቻውን አያጠግብም። ለሶልሻየር ወደ ሦስት ዓመት ሰጥተነው አንድም ዋንጫ አላየንም፤ እኔ ደግሞ ሶልሻየርን ከልቤ ነበር የምወደው። ስለዚህ አሰልጣኝ ሲመረጥ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ልጆቹን ያሰልፋል ወይ?

ማንቼ በፈረንጆች ከጥቅምት 1937 ጀምሮ የራሱ አካዳሚ ያሳደገው ልጅ ሳይዝ ጨዋታ ገብቶ አያውቅም። ሜዳ ላይ ወይ ተቀያሪ ወንበር ላይ፣ ቢያንስ አንድ ልጅ አለ። 87 ዓመት ነው እንግዲህ። መሃል ላይ የዓለም ጦርነት አለ። በ1958 ስምንት ተጫዋቾች ያለቁበት የሙኒኩ የአውሮፕላን አደጋ አለ። ክሩ ግን አልተበጠሰም። ለእኔ ይህ ከማንኛውም ዋንጫ ይበልጣል።

ይህን የምለው በራሴ ደርሶብኝ ነው። የ15 ዓመት ልጅ ሆኜ ለሰፈራችን ቡድን በግራ መስመር እጫወት ነበር። ክረምት መጣ፣ ውድድሩ ሊጀመር ሲል አሰልጣኛችን ተቀየረ። አዲሱ የራሱን ልጆች ይዞ መጣ። እኔ ክረምቱን በሙሉ ከመስመሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም። ጨዋታው ሲያልቅ የሁሉም ጫማ ጭቃ ነው፣ የእኔ ንጹህ። እናቴ ማሊያዬን ለማጠብ ስትቀበለኝ "ዛሬም አልቆሸሸም?" ትለኝ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ልምምድ አልሄድኩም።

ቫን ኻልን ኳሱ ያስተኛል እንለው ነበር። እኔም ብያለሁ። ግን በፈረንጆች የካቲት 2016 ማርሲያል ሲያሟሙቅ ተጎዳ፣ እሱም የ18 ዓመቱን ራሽፎርድን አስገባ። ልጁ በሚድቲላንድ ላይ ሁለት ጎል አገባ። ከሦስት ቀን በኋላ አርሰናል ላይ ሌላ ሁለት ጨመረ። ዛሬ 27 ዓመት ሞላው፣ እንኳን ተወለድክ።

ቴን ሃግንም ሳልመርቀው አላልፍም። ኮቢ ሜይኑን ያሰለፈልን እሱ ነው። አምና ግንቦት 17 በኤፍኤ ካፑ ፍጻሜ ሲቲን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ያገቡት ጋርናቾና ሜይኑ ናቸው፤ ሁለቱም ከአካዳሚው የወጡ ልጆች። ሜይኑ ሲያገባ ከፊቴ የተቀመጠ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው ዞሮ አቀፈኝ። ወላሂ፣ ያን ቀን አለቀስኩ።

ስለዚህ አሞሪም ይምጣ ስል በልቤ ስጋት ይዤ ነው። ሰውየው የሚጫወተው በሦስት ተከላካይ ነው፣ 3-4-3። መሃል ሜዳ ላይ ያለው ቦታ ሁለት ብቻ ነው። ካሴሚሮ አለ። ኡጋርቴ አለ፣ እሱ ደግሞ በስፖርቲንግ የአሞሪም ተጫዋች ነበር። ብሩኖንም የሆነ ቦታ ማስገባቱ አይቀርም። ሜይኑ አሁን ጉዳት ላይ ነው፤ ሲመለስ የት ሊገባ ነው? ከጓደኞቼ ጋር ሌሊቱን የተከራከርነው በዚሁ ነው። እነሱ "አሰልጣኝ የሚያሸንፍለትን ያሰልፍ" ይላሉ።

የሚያጽናናኝ ስፖርቲንግ ላይ ያደረገው ነው። ኑኖ ሜንዴስን ገና ልጅ ሳለ ከአካዳሚው አውጥቶ ያሰለፈው እሱ ነው። ጎንሳሎ ኢናሲዮንም እንዲሁ። በእነሱ ነው በ2021 ከ19 ዓመት በኋላ የፖርቱጋልን ሊግ ያመጣላቸው። 39 ዓመቱ ነው፣ ራሱም ገና ወጣት ነው። ምርጫው የእኔ ቢሆን እሱን እሾም ነበር።

እሁድ ከቼልሲ ጋር ነን፣ ማታ 1፡30። በጊዜ ሄጄ ፊት ለፊት ቦታ እይዛለሁ። አሰላለፉ ሲወጣ መጀመሪያ የማየው ከታች ነው፣ የተቀያሪዎቹን ዝርዝር። ደህና ሰንብቱልኝ።