ኬሚስትሪ ይማር፣ ግን በስንት ዕዳ?

ሰላም፦ ዛሬ አንዲት እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ በላኩልን ጥያቄ እንጀምር። ልጃቸው ኬሚስትሪ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። የሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ተቀብሎታል፣ ሌላ ስቴት ያለ የግል ኮሌጅም ተቀብሎታል። እሳቸው የሚጠይቁት «ኬሚስትሪ ያበላል ወይ?» ብለው ነው።

ዮናስ፦ ያበላል። ግን በስንት ዕዳ እንደተማረው ይወስነዋል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የኬሚስቶችን መካከለኛ ደሞዝ በዓመት 84 ሺህ ዶላር ገደማ ያደርሰዋል። ወላጅ ይሄን ያይና ልጄ በተመረቀ ማግስት 84 ሺህ ይበላል ይላል።

ሰላም፦ አይበላም?

ዮናስ፦ ብዙው አይበላም። እዚያ ቁጥር ውስጥ ፒኤችዲ ያላቸውም፣ ለዓመታት የሠሩም አሉበት። ባችለር ብቻ ይዞ የወጣ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ ነው። ናሙና ያዘጋጃል፣ ማሽን ላይ ይጭናል፣ ውጤት ይመዘግባል። መነሻው ለኬሚካል ቴክኒሻኖች መካከለኛ ደሞዝ ይቀርባል፤ እሱ ደግሞ 57 ሺህ ገደማ ነው።

ሰላም፦ ሰው ከኬሚካል ኢንጂነሪንግ ጋርም ያምታታዋል።

ዮናስ፦ በጣም! የዚያ መካከለኛ ከ110 ሺህ በላይ ነው። ሌላ ትምህርት ነው፣ ሌላ ሥራ ነው።

ሰላም፦ እሺ፣ ወደ ዕዳው እንግባ።

ዮናስ፦ ልጁ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው ገደብ አለው። በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 7,500 ዶላር፤ ጠቅላላው ከ31 ሺህ አያልፍም። የ2025-26 ወለድ 6.39 በመቶ ነው። በዚህ ወለድ 31 ሺውን በአሥር ዓመት ሲከፍል በወር 350 ዶላር ገደማ ይመጣል። በ57 ሺህ ደሞዝ ይቆነጥጣል እንጂ አይጥልም።

ሰላም፦ የሚጥለውስ?

ዮናስ፦ ፓረንት ፕላስ! በወላጅ ስም የሚወሰደው የፌዴራል ብድር። ወለዱ ወደ 9 በመቶ ይጠጋል፤ ገና ሲለቀቅ ከ4 በመቶ በላይ ክፍያ ይቆረጥበታል። በአዲሱ የፌዴራል ሕግ ከጁላይ 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ለአንድ ልጅ በዓመት 20 ሺህ፣ በጠቅላላ 65 ሺህ ላይ ይገደባል። ግን 65ቱን ሙሉ የወሰደ ሰው በአሥር ዓመት ልጨርስ ቢል በወር ከ820 ዶላር በላይ ይከፍላል። ልጁ ተመረቀም፣ አቋረጠም፣ ከፋዩ ወላጅ ነው።

ሰላም፦ አገር ቤት የተማረ ወላጅ የትምህርት ዕዳ ሲባል ኮስት ሼሪንግ ነው የሚታየው። ከደሞዝ ላይ ትንሽ ትንሽ እየተቆረጠ የሚያልቅ። አንድ የማውቃቸው አባት የኮሌጁን የፋይናንሺያል ኤይድ ደብዳቤ አይተው ተደሰቱ። ስኮላርሺፑንና ፓረንት ፕላሱን አንድ ላይ ደምሮ «ቀሪ ሂሳብ ዜሮ» ይላል። ፈረሙ በቃ።

ዮናስ፦ ደብዳቤው ላይ ብድር የሆነውን ሁሉ በእስክሪብቶ መሰረዝ ነው። ከዚያ የቀረውን ዕርዳታ ከሙሉ ወጪው ቀንሶ ሁለቱን ትምህርት ቤቶች ማወዳደር።

ሰላም፦ ታዲያ ኬሚስትሪውን ይተወው?

ዮናስ፦ ኧረ በፍጹም! ደግሞ በዚህ አካባቢ? የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ የጤና ምርምሩ ኤንአይኤች ቤተስዳ፣ የልኬትና ደረጃዎች ተቋሙ ኒስት ጌይተርስበርግ፣ የመድኃኒት ጥራት መለኪያ የሚያወጣው ዩኤስፒ ሮክቪል። ሁሉም ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ። እኔ ብሆን የካውንቲው የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ያድርግ እላለሁ።

ሰላም፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ኬሚስትሪ ተራ የሚጠብቅ ትምህርት ነው። ጄኔራል ኬሚስትሪን ሳይጨርስ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የለም፤ ካልኩለስና ፊዚክስ ሳይዝ ፊዚካል ኬሚስትሪ የለም። አንድ ኮርስ ካልተላለፈለት አንድ ዓመት ሊጨምር ይችላል፣ ያተረፈው ብር እዚያው ያልቃል። የፕሮፌሰር ላቦራቶሪ ውስጥ ቶሎ የመግባት ዕድሉም ይዘገያል።

ዮናስ፦ ስለ ኮርሱ ልክ ነሽ። የቱ እንደሚተላለፍ ከመመዝገቡ በፊት በጽሑፍ ይያዝ። የላቦራቶሪው ነገር ግን ያን ያህል ያስፈራል?

ሰላም፦ ያስፈራል፤ ፒኤችዲ ካሰበ እሱን ነው የሚያዩለት። የኬሚስትሪ ፒኤችዲ እዚህ አገር አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖ፣ ለኑሮ ስታይፔንድ እየተከፈለ ነው የሚሠራው። ለእሱ ሲል የሚበደር ሰው ብዙም አይኖርም።

ዮናስ፦ አምስት ስድስት ዓመት በጠባብ ስታይፔንድ ግን! እኩዮቹ ቤት ይገዛሉ።

ሰላም፦ እሱስ እውነት ነው። ግን ስንቱ ሐበሻ ቤት ኬሚስትሪ የሚመረጠው ለሕክምና በር ነው? ያ ከሆነ ስሌቱ ይገለበጣል። የሕክምና ትምህርት በብድር ነው፤ በአዲሱ ሕግ የፌዴራሉ በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላ 200 ሺህ ላይ ይቆማል። የባችለሩ ዕዳ ከሥር ተነጥፎ ይጠብቀዋል። ለዚህ ልጅ የመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያዋጣው። ዓይኔን አላሽም።

ዮናስ፦ የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባል ድረ ገጽም አለው። የሁለቱን ኮሌጆች ስም አስገብቶ፣ ኬሚስትሪ የሚለውን መርጦ የተመራቂዎቹን ገቢና ዕዳ ማየት ይቻላል። ተመራቂው ጥቂት ከሆነ ግን ቁጥሩ አይወጣም። ያኔ ዲፓርትመንቱ ጋ ደውሎ «ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች የት ገቡ?» ማለት ነው።

ሰላም፦ ልጁ ራሱ ይደውል ታዲያ። እናቱ አይደሉም!