ሪፖርቱን ልኬልዎታለሁ

እሺ... ሰላም። ዛሬ ስለ እንቅልፍ ነበር የማወራው፣ እሱ ይቆየን። የማክሰኞው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

ሲሲን ታውቋታላችሁ። በየኢሜይሉ አለቃችንን ሲሲ የምታደርገዋን፣ ግልባጭ የምትልክለትን ባልደረባዬን። ስንቴ ስቀንባታል። ዛሬ ግን በዚህ ስም ልጠራት አፌ እምቢ አለኝ።

ሊፍቱ ጋ ሰው ስለበዛ በደረጃ እየወረድኩ ነበር። መታጠፊያው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች። ስልኩ እጇ ላይ በርቷል፣ እሷ ግን አታየውም። ድምፅ የለም፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እና ምን አልኳት? «ሪፖርቱን ልኬልዎታለሁ።» እሷም አፍንጫዋን እየጠረገች «አመሰግናለሁ፣ ደርሶኛል» አለች። ወረድኩ። በቃ፣ ወረድኩ።

ልኬልዎታለሁ! ከዚያ ጭቅጭቅ በፊት እኮ አንቺ ነበር የምላት። አንቱ የተባባልነው ከተጣላን በኋላ ነው። ሰላምታ አጓድለን አናውቅም፣ ድምፃችን ከፍ ብሎ አያውቅም፣ ሰው ቢያየን ሲከባበሩ ደስ ሲሉ ነው የሚለው። እኔም ጨዋነት ብዬ ይዤው ነበር።

ሊን አንደርሰንና ክርስቲን ፒርሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1999 ስለ ሥራ ቦታ አለመከባበር ጽፈው ነበር። ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ለመጉዳት ታስቦ ይሁን አይሁን ግን በግልጽ አይታወቅም ይላሉ። አንዱ ትንሽ ሲዘጋ ሌላው መልሶ ይዘጋል፣ እንዲህ እየተባባሰ ይሄዳል። ያኔ ሳነበው እሷ ናት የታየችኝ። የእኔ አንቱታስ? እሷ ስትሰማው ምን ይሆን የሚመስላት?

እሷም በድላኛለች፣ እሱን አልክድም። ስብሰባው ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ያለችኝ ነገር... ተዉት። ይኸው ገና ሳነሳው ደሜ ፈላ።

ጓደኛዬ «ብቻዋን መሆን ፈልጋ ይሆናል፣ ምን ልትላት ነበር?» አለኝ። ልክ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ያ አንቱታ ባይኖር እስካሁን አንድ ክፍል ውስጥ አንሠራም ነበር፣ እሱም እውነት ነው። ግን «ደህና ነሽ?» ሁለት ቃል ናት እኮ። ሁለት ቃል።

ትናንት ሰነድ ጠይቃ ኢሜይል ላከችልኝ። «ሲመችዎት ይላኩልኝ» ነው የሚለው። ሲሲው ላይ ግን ማንም የለም። ለእኔ ብቻ ነው የላከችው። ረስታው ይሆን? እንጃ። ደጋግሜ አየሁት።

መልስ ጀመርኩ። «ሰላም፣ እንዴት» ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። ነሽ ልበል፣ ነዎት... እስካሁን ድራፍት ውስጥ ነው ያለው።