ከማዮኔዝ ቀለም እስከ አሲክሎቪር

ክቡራን መምህራን፣ ወላጆች፣ ውድ የፋርማሲ ተመራቂዎች፤ እንደምን ዋላችሁ!

ፀሐዩ ከርሯል፣ ጋዋኑም ይሞቃል። ስለዚህ የአንዲት ሴት ታሪክ ብቻ ነግሬያችሁ እወርዳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ገርትሩድ ኢሊየን በ1918 ኒውዮርክ ተወለደች። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት የምትወዳቸው አያቷ በጨጓራ ካንሰር ሞቱ። ኬሚስት ለመሆን የቆረጠችው በዚህ የተነሳ ነው። በ1937 በጥሩ ውጤት ተመረቀች፤ ሥራ ግን የለም። አንዱ ቀጣሪ ወንዶቹን ሥራ ታስፈታለች ብሎ መለሳት። በኋላ ያገኘችው ሥራ የታሸገ ኪያር ኮምጣጣነት መለካትና የማዮኔዝ ቀለም ማየት ነበር። አዎ፣ የማዮኔዝ ቀለም! ወንዶቹ ጦርነት ሲዘምቱ ግን የላቦራቶሪ በር ተከፈተ። በ1944 ተመራማሪው ጆርጅ ሂቺንግስ፣ በሮውስ ዌልካም የሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ረዳቱ አድርጎ ቀጠራት። ፒኤችዲዋን ማታ ማታ ትማር ነበር። ትምህርት ቤቱ ወይ ሙሉ ጊዜሽን ስጪ ወይ ተዪው ሲላት ትምህርቱን ተወችው።

የሂቺንግስ ሐሳብ ቀላል ነው። ማንኛውም ሕዋስ ለመባዛት ዲኤንኤውን ይገለብጣል፤ ለመገልበጥ ደግሞ ፊደል፣ ማለትም ዲኤንኤው የሚሠራባቸው ትናንሽ ሞለኪውሎች፣ ያስፈልገዋል። የካንሰር ሕዋስና ባክቴሪያ ችኩሎች ናቸው፣ ቶሎ ቶሎ ብዙ ፊደል ይፈልጋሉ። ታዲያ እውነተኛውን የሚመስል ፎርጅድ ፊደል ብናቀብላቸውስ? ልብ በሉ፣ የዲኤንኤ ጥምዝ ቅርጽ የታወቀው በ1953 ነው። እነሱ ሥራውን የጀመሩት ከዚያ በፊት ነው።

ኢሊየን ሃይፖዛንቲን ከሚባለው ሞለኪውል አንድ ኦክስጅን አውጥታ ሰልፈር ተካችበት። መርካፕቶፑሪን የሚባል ፎርጅድ ፊደል ሆነ። ያኔ አጣዳፊ የደም ካንሰር የያዛቸው ልጆች አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ይሞቱ ነበር። መድኃኒቱን ሲወስዱ ሕመሙ ለቀቃቸው። ግን ለብዙዎቹ ተመልሶ መጣ። ዛሬ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ይሰጣል፤ ብዙ ልጆችም ይድናሉ።

እኔ የምወደው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ይህች ሴት ምንም ነገር አትጥልም። መርካፕቶፑሪንን ትንሽ ብትለውጠው አዛታዮፕሪን ሆነ፤ ሰውነት የሌላ ሰው አካል እንዳይገፋ የሚያደርግ መድኃኒት። በ1962 ቦስተን ውስጥ፣ ዘመድ ካልሆነ ሰው የተወሰደ ኩላሊት በዚህ መድኃኒት እርዳታ ሠራ። ደግሞ መርካፕቶፑሪንን ሰውነት ውስጥ የሚሰባብረው ዛንቲን ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። እሱን እንያዘው አሉና አሎፑሪኖልን ሞከሩ። ያው ኢንዛይም ግን ሲበዛ ሪህ የሚያመጣውን ዩሪክ አሲድም ይሠራል። ለካንሰር መድኃኒት አጋዥ ተብሎ የተፈለገው የሪህ መድኃኒት ሆኖ አረፈው።

በ1940ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አንዱ ሞለኪውላቸው ቫይረስ ላይ ሠርቶ ነበር። መርዝነቱ ስለከበደ ተቀመጠ። ከሃያ ዓመት በኋላ ኢሊየንና ባልደረቦቿ ተመለሱበት፤ አሲክሎቪር ተገኘ። ከንፈር ላይ ለሚወጣው ምች፣ ለአልማዝ ባለጭራ የምትሰጡት ማለት ነው። (ዳማከሴ አይነካብን የምትሉ ወላጆች፣ እኔም ከእናቴ ጋር አልጣላም።)

የአሲክሎቪር ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው። ለብቻው ሰነፍ ነው። እንዲነቃ ፎስፌት የምትባል የኬሚካል ቁራጭ ልትለጠፍበት ይገባል። የመጀመሪያዋን ፎስፌት የሚለጥፍለት ደግሞ የቫይረሱ የራሱ ኢንዛይም ነው! ጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ዝም ይላል ማለት ይቻላል። ቫይረስ ያለበት ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ግን ቫይረሱ በገዛ እጁ ይቀሰቅሰዋል። ከዚያ የቫይረሱ ዲኤንኤ ውስጥ ይሰካል። ቀጣዩ ፊደል የሚያያዝበት ጫፍ ስለሌለው ሰንሰለቱ እዚያው ይቆማል።

በ1988 ከሂቺንግስና ከሌላው የመድኃኒት ተመራማሪ ከጄምስ ብላክ ጋር ኖቤል ተሸለመች። ፒኤችዲ ተምራ አልጨረሰችም፤ የክብር ዶክትሬት ግን በላይ በላዩ ዘነበላት።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አንድ ቀን መስኮታችሁ ላይ አዛታዮፕሪንና አሎፑሪኖል አብረው የተጻፉበት ማዘዣ ይመጣል። አዛታዮፕሪን ሰውነት ውስጥ መርካፕቶፑሪን ይሆናል። የሚሰባብረውን ኢንዛይም አሎፑሪኖል ይዞታል። መድኃኒቱ ይከማቻል፣ መቅኔም ይጎዳል። የአዛታዮፕሪን መጠን ወደ ሲሶ ወይም ወደ ሩብ ካልወረደ ማዘዣውን እንዳትሞሉት። ወረፋው ቢረዝም፣ ሰው ቢነጫነጭም፣ መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ ደውሉ።

እንኳን ደስ አላችሁ፤ አመሰግናለሁ።