ነጭ ክር የታሰረባት እንስራ

ሰላም፣ እንደምን አመሻችሁ። ከደሴ ነው የማወራችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ውጭ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። መስኮቱን ዘግቼ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ ሻይ አጠገቤ አስቀምጬ ነው ማይኩን የከፈትኩት። የዛሬው ጨዋታ በጃፓን ባሮች ስልት ስለሚሠራ አንድ የአዲስ አበባ መጠጥ ቤት ነው። የሚጠጣም የማይጠጣም ቢሰማው ደስ ይለኛል፤ እንዲያውም በተለይ የማይጠጣው።

ባለፈው ወር ከአብሮ አደጌ ጋር አዲስ አበባ ሄደን ነበር። እሱ ለሱቁ ዕቃ ሊገዛ፣ እኔ የአጎቴ ልጅ ልደት ላይ ልገኝ። ማታ ላይ የአጎቴ ልጅ «ዛሬ የምወስዳችሁን ዓይነት ቤት አይታችሁ አታውቁም» አለችን። ከሳምንት በፊት ቦታ አስይዛለች። ስሙን አልነግራችሁም። አንድ ቅር ያለኝ ነገር ስላለ ቤቱን በስም ማንሳት አልፈልግም።

ታክሲው ያወረደን አንድ ተራ ሕንፃ ሥር ነው። ታፔላ የለም። በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ አልፈን፣ ከኩሽናው ጎን ባለ ጠባብ ኮሪደር ሄድን። መጨረሻው ላይ የእንጨት ቁም ሳጥን ቆሟል። የአጎቴ ልጅ በስልኳ የተላከላትን የይለፍ ቃል አጠገቡ ለቆመው ልጅ አሳየችው። ልጁ ቁም ሳጥኑን ገፋ አደረገው። ለካ በር ነው!

እንዲህ ያለውን ቤት «ስፒክኢዚ» ይሉታል። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ አውራ እንደማለት ነው። ስሙ የገነነው አሜሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 አሜሪካ አልኮል ማምረትን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን በሕግ ከልክላ ነበር። ሰው ግን መጠጣቱን አልተወም። በጓሮ በር፣ በምድር ቤት፣ በይለፍ ቃል እየገባ 13 ዓመት ጠጣ። ዛሬ ከፖሊስ የሚደበቅ የለም። የቀረው የመደበቁ ደስታ ነው።

የጃፓኑስ ነገር ከየት መጣ? ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 «ኤንጅልስ ሼር» የሚባል ባር ተከፈተ። ባለቤቱ ጃፓናዊ ነበር። የሚገባው በአንድ የጃፓን ምግብ ቤት ውስጥ ታልፎ ነበር። ከ4 ሰው በላይ ሆኖ መምጣት አይፈቀድም ነበር፣ ቆሞ መጠጣትም አልነበረም። ከዚያ በኋላ በየአገሩ የተከፈቱት ድብቅ ቤቶች ብዙ ነገር የወሰዱት ከእሱ ነው። ቶኪዮ ውስጥ ጊንዛ በሚባለው ሰፈር ያሉት ባሮች ደግሞ ራሳቸው ትንንሽ ናቸው። ሕንፃ ላይ 6ኛ ፎቅ ወይ ምድር ቤት ውስጥ፣ ስምንት ዘጠኝ ወንበር ብቻ። ትንሽነታቸው ለመደበቅ አይደለም። ከባንኮኒው ኋላ የቆመው ሰው እያንዳንዱን እንግዳ በዓይኑ ማየት እንዲችል ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እኔ ያደግሁት ጠላ ቤት ነው። እናቴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ጠላ ትሸጥ ነበር። ከደጃችን ረጅም እንጨት ተተክሏል፣ ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። ጣሳው ካለ ጠላ አለ ማለት ነው። ጠላው ሲያልቅ «ሂድ ጣሳውን አውርድ» እባላለሁ። ከሩቅ ገጠር የመጣ ሰው፣ ማንበብ የማይችልም ሰው፣ ማንንም ሳይጠይቅ ያቺን ጣሳ አይቶ ይገባል። ስለዚህ ያ ቁም ሳጥን ሲገፋ ደስ ቢለኝም ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር አልተቀበለውም። የእኛ ቤት እንጨት የተተከለው ሰው እንዳይስተው ነበር።

ገባን። መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው። ወንበሩ ከ20 አይበልጥም። ማንም አይጮህም። ሙዚቃው ዝቅ ብሏል። ከባንኮኒው ፊት ተቀመጥን። ገና ምንም ሳናዝዝ አንድ ልጅ የተጠቀለለ፣ እንፋሎት የሚወጣው ትንሽ ፎጣ በየፊታችን አቀረበ። ጃፓኖች «ኦሺቦሪ» ይሉታል፤ እንግዳ ሲቀመጥ መጀመሪያ እጁን ይጠርግበታል። ወዲያው የመጣብኝ የእኛ ቤት ማስታጠቢያ ነው። ልጅ ሆኜ ውሃውን ለብ አድርጌ፣ ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ ከትልቅ ሰው ጀምሬ ጎንበስ እያልኩ የማስታጥበው። አብሮ አደጌም ፎጣውን ይዞ ፈገግ አለ። አልተነጋገርንም፣ ግን ተግባብተናል።

ከዚያ በረዶው። ስለዚህ በረዶ አንድ ሰዓት ባወራ አልጠግብም። ባርቴንደሯ ወጣት ናት፣ ፀጉሯን ወደኋላ አስራለች። ከሥር የሳሙና ያህል የሚሆን በረዶ አወጣች። መስተዋት ነው ብላችሁ ታምናላችሁ፤ በውስጡ ጣቶቿ ይታያሉ። በቢላዋ ጠርዙን ቀስ ቀስ እያለች ጠረበችው። ፍርፋሪው እንደ ጨው ባንኮኒው ላይ ይወርዳል። የቤታችን በረዶ መሃሉ ነጭ የሚሆነው ውሃው ከየአቅጣጫው በአንዴ ስለሚረጋ ነው። አየሩ መውጫ ያጣና መሃል ላይ ይታሰራል። ከአንድ ወገን ብቻ፣ ቀስ ብሎ እንዲረጋ ከተደረገ ግን አየሩ እየተገፋ ወደ ታች ይሄዳል። የደፈረሰው ተቆርጦ ይጣላል፣ የጠራው ይቀራል። ትልቅ ሆኖ አንድ ወጥ ሲሆን ደግሞ ቶሎ አይቀልጥም፣ መጠጡን ውሃ ውሃ አያደርገውም። ጃፓኖች ለዚህ ይጨነቃሉ። ካዙኦ ኡዬዳ የሚባል የጊንዛ ባርቴንደር መጠጥ መበጥበጫውን እንዴት መነቅነቅ እንዳለበት ብቻ የራሱ ስልት አለው፤ «ሃርድ ሼክ» ይባላል፣ ዓለም ሁሉ የተነጋገረበት።

የአጎቴ ልጅ ዩዙ ያለበት ነገር አዘዘች። ዩዙ የጃፓን ሎሚ ነው፤ ሽታው ከእኛ ሎሚ ይልቅ ወደ መንደሪን ያደላል። እኔ ሃይቦል ወሰድኩ፤ ውስኪ፣ ሶዳ፣ በረዶ፣ አለቀ። ጃፓን የራሷን የውስኪ ፋብሪካ ያማዛኪ ላይ የተከለችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ሃይቦል እዚያ ሰው ከምግብ ጋር ሁሉ የሚጠጣው ነው። ሦስት ነገር ብቻ ስለሆነ ማጭበርበሪያ የለውም። ሶዳው ከሞተ ያስታውቃል።

አብሮ አደጌ ግን አይጠጣም። ሙስሊም ነው። «ከአልኮል ነፃ የሆነ ምን አላችሁ?» ብሎ አስተናጋጁን ጠየቀ፣ በትህትና። ልጁ ሜኑውን እንኳ ሳያይ «ውሃ አለ» አለ። ሄደና ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አመጣ። ፕላስቲኩን እንዳለ፣ ብርጭቆ የሌለው፣ እዚያ የተወለወለ እንጨት ላይ ዱብ አድርጎት ሄደ። የእኛ መጠጥ በተጠረበ በረዶ፣ የእሱ በፕላስቲክ። ጓደኛዬ «ምንም አይደል፣ ውሃ ይበቃኛል» አለ። ልቤ ግን በጣም ነው ያዘነው። ከእኔ ጋር መጥቶ እኔ አጠገብ ሲያንስ አየሁት።

እዚህ ጋ ስለ እናቴ እንስራ ልንገራችሁ። ሰኞ ሰኞ ገበያ የሚመጡ ሙስሊም ሴቶች ነበሩ፤ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዶሮ የሚሸጡ። ሲደክማቸው የእናቴ በረንዳ ላይ ያርፋሉ። ጠላ አይጠጡም። እናቴ ለእነሱ እሁድ ማታ ቀሪቦ ታዘጋጃለች። ገብሱን ጥቁር እስኪል ትቆላለች፣ ታፈላዋለች፣ ታጠለዋለች፣ ስኳርና ትንሽ እርሾ ትጨምርበታለች። የቀሪቦው እንስራ ለብቻው ነው። አንገቱ ላይ ነጭ ክር ታስሮበታል። ብርጭቆዎቹም ለብቻ ናቸው፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ። አንድ ቀን ተሳስቼ በአንዱ ጠላ ቀዳሁበት። እናቴ አልመታችኝም። ብርጭቆውን ተቀብላ ለጠላው ወገን አሳለፈችውና «እነሱ እኮ አያዩንም። አምነውን ነው የሚጠጡት» አለችኝ። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ይሄ አይገርመውም። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። ሀብታም ደሃ ሳይባል ሰው ሁሉ የሚቀርብበት ማዕድ። ሌላ ስም ጠፍቶ አይደለም እንግዲህ እንዲያ የተባለው።

ወደ ባሩ ልመለስ። ባርቴንደሯ ፕላስቲኩን አየችው። የያዘችውን ሥራ ጨርሳ መጣችና ሃይላንዱን በሁለት እጇ አነሳችው። «ይቅርታ ወንድሜ። እኔ ልሥራልህ? የሚኮመጥጥ ነው የምትወደው ወይስ የሚጣፍጥ?» አለችው። እሱም ትንሽ ዝም ብሎ «ዝንጅብል እወዳለሁ» አለ። ከዚያ ፈራ ተባ እያለ «ግን ዕቃው...» አለና አቋረጠ። አላስጨረሰችውም። ዘወር ብላ ከላይኛው መደርደሪያ ሌላ መበጥበጫ፣ ሌላ ማንኪያ፣ ሌላ ማጥለያ አወረደች። «እነዚህ አልኮል ነክቷቸው አያውቅም» አለችው። እንደዚያም ሆኖ እፊቱ በፈላ ውሃ አለቀለቀቻቸው።

ላይኛው መደርደሪያ! እኔ ያን ጊዜ ዓይኔ እንባ ሞላ። የአጎቴ ልጅ ምን ሆንክ አለችኝ፣ ምን ብዬ ላስረዳት?

ዝንጅብሉን ቀጠቀጠችው። ማር በሙቅ ውሃ በጥብጣ ጨመረች፣ ሎሚ ጨመቀች፣ አንድ ዘንግ ጤና አዳም መዳፏ ላይ መታ መታ አድርጋ ሽታውን ቀሰቀሰች። በረዶውን ለእኔ ከጠረበችው አሳንሳ አልጠረበችም። እንዲያውም ቆየት ያለች መሰለኝ። ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቀረበችለት። ጓደኛዬ ቀመሰና «ብርዝ ብርዝ ይላል» አለ፣ ፊቱ በርቶ። ከዚያ በኋላ ወሬው መጣለት። ያን ያህል ሲያወራ ከሠርጉ ቀን ወዲህ አላየሁትም።

ሙዚቃውንም ያስተዋለው እሱ ነው። የሆነ የጃፓን ዘፈን ነበር፣ ሴት ናት የምትዘፍነው። ጆሮውን ጣል አደረገና «ይሄ አምባሰል አይደለም እንዴ?» አለ። እውነቱን ነው። ጃፓኖች «ሚያኮ ቡሺ» የሚሉት ባለ አምስት ድምፅ ስልት አለ፤ ድምፆቹ የተራራቁበት ርቀት ከአምባሰል ቅኝታችን ጋር አንድ ነው። ከሐይቅ ወዲያ ያለው የአምባሰል ተራራና ቶኪዮ በምን እንደተገናኙ እንጃ። ጆሮ ግን ቤቱን ያውቃል።

ስለ ሌላው ብዙ አልልም። ከተቀመጥን ሁለት ሰዓት ሲሞላን «ቀጣይ እንግዶች አሉ» ተብለን ተነሳን። አንዳንድ ደንበኛ በዚህ ይናደዳል። እኔ አልተናደድኩም፤ ወንበሩ ትንሽ ነው፣ አስቀድሞም ተነግሮናል። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ግን 15 በመቶ ቫቱንና ሰርቪሱን አይጨምርም፤ እሱን በግልጽ ቢጽፉት ጥሩ ነው። የሃይላንዷ ውሃም ሒሳቡ ውስጥ ገብታ ነበር። ባርቴንደሯ ራሷ ሰረዘቻት። ስንወጣ ለቤቱ ኃላፊ ሁለቱንም ነገር ነገርኩት፤ ያስተናጋጁንም የእሷንም። ልጁ እንዲቀጣ አይደለም፣ ማንም ስላላሳየው ነው። እሷ ታሳየው ብዬ ነው የወጣሁት።

ደሴ ከተመለስኩ በኋላ በረዶው አልወጣልኝ አለ። አንድ ትንሽ አይስ ቦክስ ውሃ ሞልቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩት። ጎኑና ሥሩ ቅዝቃዜ ስለማያሳልፉ የሚረጋው ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት መብራት ጠፋ። በሁለተኛውም። በሦስተኛው ያዘ። የደፈረሰውን ሥሩን በመጋዝ ቆርጬ ጣልኩና የቀረውን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ጓደኛዬ ቤት ሮጥኩ። እናቴም እዚያ ነበረች። ከጓደኛዬ እናት ጋር ቡና ላይ ናቸው፣ ቶናው ደርሷል። ቀሪቦ ተቀዳ። በረዶዋን ጣል አደረግሁበት። ጥቁሩ ቀሪቦ ውስጥ በረዶዋ ጠፋች፣ አትታይም። ከብርጭቆው ጋር ስትጋጭ ድምጿ ብቻ ይሰማል።

የጓደኛዬ እናት ብርጭቆውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቅነቅ አደረጉት።

«ምንድን ነው ልጄ የጨመርክበት?»

«በረዶ ነው እማማ።»

«በዚህ ብርድ?» አሉና ጠጡት። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ ወደ እናቴ ዘረጉ።

ደህና እደሩ።